ሳይመለስ የቀረው አሬይ፦ የኮምፓይለር ስህተት በዳታ ማፒንግ ውስጥ እንዴት ይታደናል

ባለፈው ክረምት አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ጅማ ኪቶ ፉርዲሳ አጠገብ ካለው የኪራይ ቤቱ ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ በዝናብ መጣ። የግልገል ጊቤን ተፋሰስ በ1,200 በ900 ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ከፋፍሎ፣ የዘነበው ውሃ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚወርድ የሚያሰላ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጽፏል። «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ልክ ነው፤ በኪራዩ ጂፒዩ ላይ ግን ውሃው አይንቀሳቀስም» አለኝ። ጂፒዩ ያለው በአንድ ጊዜ ብዙ ስሌት የሚሠራውን፣ በኢንተርኔት የተከራየውን ፕሮሰሰር ነው። እውነቱን ነበር። አንድ ሺህ የጊዜ እርምጃ ከተሰላ በኋላ የወጣው የውሃ ጥልቀት፣ ስሌቱ ሲጀመር ከነበረው በአንዲት ነጥብ እንኳ አልተለየም። ፕሮግራሙ አልተቋረጠም፤ የስህተት መልእክትም አልሰጠም። ጂፒዩው የሠራበት ሰዓት ግን ተቆጥሮ ገንዘቡ ተከፍሏል።

በጂፒዩ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የከፋ ስህተት ያለ አይመስለኝም። ሲሮጥ የሚወድቅ ፕሮግራም ቢያንስ ባለቤቱን ይጠራል፤ ዝም ብሎ የተሳሳተ ቁጥር የሚሰጥ ግን ቁጥሩ ወደ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ከዚያም ወደ ቦይና ድልድይ ንድፍ እስኪገባ ድረስ ማንንም አይጠራም። ችግሩ ሲታወቅ ደግሞ ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው፦ ኮዱን የጻፈው ሰው፣ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የተረጎመው ኮምፓይለር፣ እንዲሁም ፕሮግራሙ ሲሮጥ ዳታውን የሚያመላልሰው ራንታይም የተባለው ላይብረሪ። በዚህ ጊዜ ከምናውቃቸው ፕሮግራመሮች ግማሾቹ ኮምፓይለር አይሳሳትም ብለው ለሳምንታት የራሳቸውን ኮድ ሲበረብሩ ይከርማሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ ገና አንድ ቁጥር ሲዛባ «ኮምፓይለሩ ነው» ብለው ይገላገላሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት ያለ ማስረጃ ነው። ማስረጃው ግን አለ፤ ኮምፓይለሩ ራሱ ጽፎ ያስቀመጠው ሰንጠረዥ ስለሆነ የሚጠይቀው ማንበብ ብቻ ነው።

ሰንጠረዡ ለምን እንደሚጻፍ ለመረዳት የኮምፒውተሩ ዋና ፕሮሰሰር የሆነው ሲፒዩና ጂፒዩ በአብዛኛው የየራሳቸው ሜሞሪ እንዳላቸው ማስታወስ ያስፈልጋል። ሁለቱን አንድ ያደረጉ አዳዲስ ቺፖች መጥተዋል፤ ጅማ ተቀምጦ በኢንተርኔት በሰዓት የሚከራየው ግን ብዙውን ጊዜ ሁለት ሜሞሪ ያለው ዓይነት ነው። በመካከላቸው ያለው መንገድ ጠባብ ነው። የኤንቪዲያ ኤ100 ባለ 40 ጊጋባይቱ ጂፒዩ ከራሱ ሜሞሪ በሰከንድ 1,555 ጊጋባይት ሲያነብ፣ ከሲፒዩ ጋር የሚያገናኘው ባለ 16 መስመር ፒሲአይ ኤክስፕረስ 4 በአንድ አቅጣጫ የሚያሳልፈው በሰከንድ 32 ጊጋባይት ገደማ ነው። ስለዚህ ዳታን ሳያስፈልግ ማመላለስ ፕሮግራሙን ያዘገያል፤ ማመላለስ ሲያስፈልግ መዝለል ደግሞ ውጤቱን ያበላሻል። እ.ኤ.አ. በ2022 የኤክሳስኬልን ደፍ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ስሌትን፣ የተሻገረው የአሜሪካው ፍሮንቲየር ሱፐርኮምፒውተር አቅሙን የሚያገኘው በአብዛኛው ከጂፒዩ ስለሆነ፣ በዚያ ግዙፍ ማሽን ላይ የሚሠራ ተመራማሪና ለሁለት ሰዓት ጂፒዩ የተከራየ የጅማ ተማሪ የሚጨነቁበት ጉዳይ አንድ ነው።

ተማሪው የተጠቀመበት ኦፕንኤምፒ፣ ማለትም ስሌትን ለብዙ ፕሮሰሰሮች ማከፋፈያ የሆነው የመመሪያዎች ስታንዳርድ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ለፎርትራን፣ በ1998 ለሲና ለሲ ፕላስ ፕላስ ወጥቶ ለብዙ ዓመታት ያገለገለው አንድ ሜሞሪ የሚጋሩ ኮሮችን (የሲፒዩውን የስሌት ክፍሎች) ነበር። በ2013 የወጣው ስሪት 4.0 የስሌቱን አንድ ክፍል ወደ ጂፒዩ ለመላክ የሚያስችሉ መመሪያዎችን ጨመረ፤ ከእነሱም ጋር ማፒንግ መጣ። ፕሮግራመሩ ለእያንዳንዱ ዳታ የጉዞ ትኬት ይቆርጣል ብንል ነገሩ አይዛባም፤ መሄጃ ብቻ፣ መመለሻ ብቻ ወይም ደርሶ መልስ። የመሬቱ ከፍታ በስሌቱ ወቅት ስለማይለወጥ መሄጃ ብቻ ይበቃዋል። የውሃው ጥልቀት ግን ሄዶ፣ ተለውጦ መምጣት ስላለበት ደርሶ መልስ ያስፈልገዋል። ተማሪው ሁለቱንም በትክክል ጽፎ ነበር፤ ኮዱን ሦስት ጊዜ ያነበብኩትም ይህን ማመን ስላቃተኝ ነው።

ከትኬቱ ሌላ ቆጠራ የሚባል ነገር አለ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። ራንታይሙ ጂፒዩ ላይ ለተቀመጠው ለእያንዳንዱ ዳታ ስንት ተጠቃሚ እንዳለው ይመዘግባል። ነገሩ ከእድር ድንኳን ጋር ይመሳሰላል። በአንድ ግቢ ድንኳን ተተክሎ ሳለ በዚያው ግቢ ሌላ ሰው ቢፈልገው እድሩ ሁለተኛ ድንኳን አያመጣም፤ ያለውን ይጋራሉ፤ መዝገቡ ላይ ግን ተጠቃሚው ሁለት ይሆናል። አንዱ ሲጨርስ ቆጠራው ወደ አንድ ይወርዳል እንጂ ድንኳኑ አይነቀልም፤ ተጠቅልሎ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት የሚመለሰው ቆጠራው ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው። በኦፕንኤምፒም ዳታው አስቀድሞ ጂፒዩ ላይ ካለ ዳግመኛ አይላክም፤ ደርሶ መልስ የተባለውም ቢሆን ቆጠራው ዜሮ ካልደረሰ አይመለስም። በመሆኑም ውጫዊ የዳታ ክልል (ትኬቱ የሚጸናበትን የኮድ ክፍል) ከፍቶ በውስጡ ሌላ ደርሶ መልስ የጻፈ ሰው፣ ከውስጠኛው ክልል እንደወጣ አዲሱን ቁጥር ሲፒዩ ላይ ቢፈልግ የሚያገኘው አሮጌውን ነው። ይህ ስታንዳርዱ ያስቀመጠው ሕግ ስለሆነ ኮምፓይለሩ በዚህ አይከሰስም። የፈለገ ሰው በመሐል ታርጌት አፕዴት የሚለውን መመሪያ ይጽፋል፤ ወይም በማፑ ላይ ኦልዌይስ የሚለውን ቃል ይጨምራል።

ሌላው የተለመደ የተሳሳተ ክስ ከነጠላ ቁጥሮች ጋር የተያያዘ ነው። በስሪት 4.0 ፕሮግራመሩ ስለ አንድ ነጠላ ተለዋዋጭ ምንም ካልተናገረ ደርሶ መልስ ይቆረጥለት ነበር፤ በ2015 የወጣው 4.5 ግን ይህን ለውጦ ተለዋዋጩ በቅጂ እንዲሄድና ቅጂው እዚያው እንዲቀር አደረገ። በአሮጌ መማሪያ ተምሮ በአዲስ ኮምፓይለር የሚሠራ ሰው ድምሩ ዜሮ ሆኖ ሲቀርበት ኮምፓይለሩን ቢወቅስ አይፈረድበትም፤ ጥፋቱ ግን የኮምፓይለሩ አይደለም።

በተማሪው ኮድ ላይ ሁለቱንም ፈተሽን። የዳታ ክልሉ አንድ ብቻ ነው፤ ቆጠራው ከአንድ የሚያልፍበት ቦታ የለም። ያልተመለሰውም ነጠላ ቁጥር ሳይሆን 1,080,000 አባላት ያሉት አሬይ፣ ማለትም የቁጥሮች ድርድር ነው።

ላፕቶፑ ላይ ውጤቱ ልክ የመሆኑ ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት፤ ምክንያቱም እዚህ አገር ብዙ ሰው የሚታለለው በዚህ ነው። ጂፒዩ በሌለበት ማሽን ላይ ኦፕንኤምፒ ለጂፒዩ የታሰበውን ክፍል በሲፒዩው ላይ ያስኬደዋል፤ የተለየ ሜሞሪ ስለሌለም ትኬቱ በሙሉ ከንቱ ይሆናል። መሄጃ ብቻ ተባለ፣ ደርሶ መልስ ተባለ፣ ስሌቱ የሚካሄደው እዚያው ዋናው ዳታ ላይ ነው። ስለዚህ «ላፕቶፔ ላይ ልክ ነው» የሚለው አባባል ስለ ማፒንጉ የሚነግረን አንዳች ነገር የለም። ከዚህም በላይ፣ ጂፒዩ በተከራዩበት ማሽን ላይ ድራይቨሩ ባይገጥም ፕሮግራሙ ሳይናገር ወደ ሲፒዩ ሊመለስ ይችላል። ይህን ለመከላከል ከስሪት 5.0 ጀምሮ ኦኤምፒ ታርጌት ኦፍሎድ የተባለ የሲስተም ተለዋዋጭ አለ፤ ግዴታ የሚል ትርጉም ያለውን ዋጋ ሲሰጡት፣ ጂፒዩው ካልተገኘ ፕሮግራሙ በሲፒዩ ከመሥራት ይልቅ ስህተት ብሎ ይቆማል።

የሚያስደስተው ነገር የማፒንግ ስህተትን ለማየት ጂፒዩ የግድ አለመሆኑ ነው። ኤልኤልቪኤም በተባለው የኮምፓይለር መሥሪያ መሠረት ላይ በተሠሩ ኮምፓይለሮች ሲፒዩውን ራሱን እንደ እንግዳ መሣሪያ አድርጎ መምረጥ ይቻላል፤ በዚህ ጊዜ ራንታይሙ በዚያው ሜሞሪ ውስጥ የተለየ ቦታ ይዞ ዳታውን በእርግጥ ይገለብጣል፤ መልሶም ይገለብጣል፤ ወይም ሳይመልስ ይቀራል። ተማሪው ይህን አያውቅም ነበር። ኮምፓይል ሲያደርግ የሚሰጠውን አንድ አማራጭ ለውጠን ፕሮግራሙን ላፕቶፑ ላይ ስናስኬደው ውሃው እዚያም ቆመ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ለኪራይ አንድ ብር አላወጣም።

ቀጥሎ ራንታይሙ ምን እንደሠራ ራሱን ጠየቅነው። በኤልኤልቪኤም ራንታይም ውስጥ ሊብኦኤምፒታርጌት ኢንፎ የሚባል ተለዋዋጭ አለ፤ ዋጋው −1 ተብሎ ሲጻፍ እያንዳንዱን የዳታ ጉዞ ከነመጠኑ ያትማል። የወጣው ጽሑፍ አጭር ነበር። እያንዳንዱ ቁጥር 8 ባይት ስለሚይዝ አንዱ አሬይ 8,640,000 ባይት ነው፤ ይህ መጠን ወደ መሣሪያው ሲገለበጥ ሁለት ጊዜ ታየ፤ አንዱ ለከፍታው፣ አንዱ ለጥልቀቱ። በመጨረሻው ላይ ከመሣሪያው ወደ ሲፒዩ የተገለበጠ ግን አልነበረም። ስሌቱ ተካሂዷል፣ ጥልቀቱም ተለውጧል፣ ከዚያ ራንታይሙ ቦታውን አጽድቶ ሄዷል። ይህ ግን ጥፋተኛውን ገና አይለይም። ራንታይሙ የታዘዘውን ሳይፈጽም ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያውኑ እንዲመልስ አልታዘዘ ሊሆንም ይችላል።

የሚለየው ሰንጠረዡ ነው። ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙን ወደ መካከለኛ ኮድ ሲተረጉም ለእያንዳንዱ የዳታ ክልል ጎን ለጎን የሚሄዱ ዝርዝሮችን ያዘጋጃል፦ የመነሻ አድራሻ፣ የዳታው አድራሻ፣ መጠኑ፣ በመጨረሻም የጉዞው ዓይነት። የጉዞው ዓይነት የሚጻፈው ተደማሪ በሆነ ቁጥር ነው። መሄጃ 1 ነው፤ መመለሻ 2፤ ስለዚህ ደርሶ መልስ 3 ይሆናል። ዳታው በፖይንተር (የዳታውን አድራሻ በያዘ ተለዋዋጭ) በኩል የሚደረስበት ከሆነ 16 ይደመራል። ዳታው የአንድ ስትራክት (ብዙ ዳታ በአንድ ስም የሚይዝ ጥቅል) አባል ከሆነ ደግሞ የእናቱ፣ ማለትም የስትራክቱ፣ ተራ ቁጥር በላይኞቹ 16 ቢቶች ላይ ይሰፍራል፤ ይህም ለመጀመሪያዋ እናት ሲሰላ 281,474,976,710,656 ነው። ስሪቱ ሲለያይ ዝርዝሩ ሊለያይ ይችላል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

የተማሪው ከፍታና ጥልቀት «መረብ» ብሎ በሰየመው አንድ ስትራክት ውስጥ ያሉ ሁለት ፖይንተሮች ነበሩ። እንግዲህ ከፍታው መሄጃ ብቻ ስለሆነ 1 እና 16 በዚያ ትልቅ ቁጥር ላይ ተደምረው የሰንጠረዡ ቁጥር በ673 ማለቅ አለበት። ጥልቀቱ ደርሶ መልስ ስለሆነ 3 እና 16 ተደምረው በ675 ማለቅ ነበረበት። የላፕቶፑን ስክሪን አጉልተን በጣት እየተከተልን አነበብን። የከፍታው ረድፍ 281474976710673 ይላል። የጥልቀቱ ረድፍም 281474976710673 ይላል። ከአሥራ አምስት አኃዞች የተሳሳተችው የመጨረሻዋ ናት፤ በ5 ፈንታ 3። ኮምፓይለሩ ለጥልቀቱም መሄጃ ብቻ ቆርጦለት ነበር፤ ራንታይሙ የታዘዘውን በታማኝነት ፈጽሟል።

ከኤልኤልቪኤም የተወለዱ ኮምፓይለሮች ብዙ ስለሆኑ የትኛው ስሪት እንደነበር መጥቀሱ ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልግም። የስህተቱ ጠባይ ግን ሊነገር ይገባዋል። የአንድ ስትራክት ሁለት አባላት በአንድ መመሪያ ላይ የተለያየ ትኬት ሲቆረጥላቸው፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ትኬት ይወርስ ነበር። ተማሪው እኔ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት ከጓደኞቹ አንዱ «ቅደም ተከተሉን ቀይረህ ሞክር» ብሎት ኖሮ፣ ሞክሮም ቢሆን ውጤቱ ይስተካከልለት ነበር። ጥልቀቱ ቀድሞ ሲጻፍ ደርሶ መልሱን ያገኛል፤ ከፍታውም ያንኑ ይወርሳል። ያልተለወጠ ከፍታ ደርሶ ቢመለስ ቁጥሩን አያበላሽም፤ 8,640,000 ባይት በከንቱ ይመልሳል እንጂ። ልጁም ችግሩ ተፈታ ብሎ ወደ ሥራው ይመለስ ነበር፤ ስህተቱ ግን ለሚቀጥለው ስትራክት፣ ምናልባትም ሦስት አባላት ላሉት፣ እንዳለ ተቀምጧል። መስመር እያገላበጡ መሞከር በእኛ ዘንድ እንደ ብልሃት የሚቆጠር ልማድ ነው፤ እኔም አደርገዋለሁ። ቁጥሩ የተስተካከለበትን ምክንያት መናገር እስካልተቻለ ድረስ ግን የተገኘው ነገር መሸፈኛ ነው።

ኮምፓይለር ይሳሳታል ማለት ድፍረት አይደለም። የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲስሚዝ በተባለ መሣሪያ የዘፈቀደ የሲ ፕሮግራሞችን እያመነጩ ኮምፓይለሮችን ለሦስት ዓመት ሲፈትኑ ቆይተው፣ ቀድሞ የማይታወቁ ከ325 በላይ ስህተቶችን ለአዘጋጆቹ እንዳሳወቁ እ.ኤ.አ. በ2011 ጽፈዋል። ያ ግን በሺህ የሚቆጠር ሰው በየቀኑ በሚረግጠው ተራ የሲ ክፍል ላይ ነው። ስትራክት፣ ፖይንተርና የተለያየ ትኬት በአንድ መመሪያ ላይ ሲገናኙ የሚፈጠረውን ጥምረት የረገጠው ሰው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው።

ጥፋተኛውን ማወቅና ለአዘጋጆቹ ማስረዳት ሁለት ሥራ ናቸው። የተማሪው ፕሮግራም 1,400 መስመር ነበረው፤ ይህን ያህል ኮድ ላክንላችሁ ብንል የሚያነብልን አይገኝም፤ እኛም ብንሆን አናነብም። ስለዚህ ሲ-ሪዱስ የተባለውን መሣሪያ አስነሳን። ይህ መሣሪያ ከኮዱ ላይ ቁራጭ እየጣለ «አሁንም ስህተቱ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ነው፤ መልሱን የሚሰጠው እኛ የምንጽፍለት አጭር ስክሪፕት ነው። የመጀመሪያው ስክሪፕታችን ሞኝ ነበር። የሁለቱ ውጤቶች መለያየት ብቻ ይበቃዋል ብለን ስለጻፍነው፣ ሲ-ሪዱስ አሬዮቹ የመነሻ ዋጋ የሚያገኙበትን መስመር ቆርጦ ጣለና ዘጠኝ መስመር ያላት፣ ያልተሞላ ሜሞሪ የምታነብ ከንቱ ፕሮግራም አስረከበን። እንዲህ ያለች ፕሮግራም ለአዘጋጆቹ ብትላክ በትክክለኛ ምክንያት ትወድቃለች፤ ስህተቱ የጸሐፊው ነውና። ሁለተኛው ስክሪፕት ኮዱ ያለ ማስጠንቀቂያ ኮምፓይል እንዲሆን፣ በተራ ሲፒዩ ሲሠራ የታወቀውን ትክክለኛ ቁጥር እንዲያወጣ፣ የሜሞሪ ስህተት ፈላጊው አድሬስ ሳኒታይዘር ዝም እንዲል፣ በማፒንግ ሲሠራ ደግሞ የመነሻውን ቁጥር እንዳለ እንዲመልስ አራቱንም ጠየቀ። በዚያ ምሽት መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ። ሲ-ሪዱስ እስከዚያ ድረስ ያገኘውን ትንሹን ኮድ በፋይሉ ላይ እየጻፈ ስለሚሄድ፣ መብራት ሲመጣ ከዚያው ቀጠልን። ሲነጋ 31 መስመር ቀረ፤ አንድ ስትራክት፣ ሁለት ፖይንተር፣ አንድ መመሪያ።

የላክነው ጽሑፍ እንግሊዝኛው የተሰባበረ ቢሆንም ውስጡ ያለው አያሻማም ነበር፦ 31 መስመሩ፣ የኮምፓይለሩ ስሪት፣ የተሰጠው አማራጭ፣ የሚጠበቀው 675 እና የተገኘው 673። መልስ የሰጠን ሰው የትኛውን ጂፒዩ እንደተጠቀምን እንኳ አልጠየቀም፤ ሰንጠረዡን በራሱ ማሽን አውጥቶ ያንኑ ቁጥር አይቷልና። ማስተካከያው በሚቀጥለው ስሪት ገባ፤ ከእሱ ጋር የተጨመረው ፈተናም ጂፒዩ አይፈልግም፤ ኮዱን ይተረጉምና የሰንጠረዡን ረድፎች ከሚጠበቀው ቁጥር ጋር ያስተያያል።

እስከዚያው ተማሪው የሁለቱን አባላት ማፕ በሁለት የተለያዩ መመሪያዎች ጻፈው፤ ከጎኑም ለምን እንደተለያዩ የሚገልጽ ሁለት መስመር አማርኛ አስቀመጠ። ሌላም ነገር ጨመረ፤ እሱ የሃይድሮሎጂ ልጅ ስለሆነ ከእኔ ይልቅ ለእሱ ቅርብ የነበረ ነገር ነው። በየመቶው እርምጃ የዳታ ክልሉን ዘግቶ ጥልቀቱን ወደ ሲፒዩ አስመልሶ፣ የዘነበው ውሃ ተፋሰሱ ውስጥ ከቀረውና በወንዙ ከወጣው ድምር ጋር እኩል መሆኑን ይፈትሻል። ማመላለሱ ጊዜ ይወስዳል። ያን ዕለት ይህ ፍተሻ ቢኖር ኖሮ፣ ዝናብ ዘንቦበት ውሃው ያልጨመረ ተፋሰስ በመጀመሪያው መቶ እርምጃ ላይ ይያዝ ነበር።